ለምራቴ የቀዳሁት ኮሶ

ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነበር፤ እኔም ስልሳ አንድ ዓመቴ። ጥርሴ አልጎደለም፣ ዛፍ ላይ ወጥቼ ቀፎ እሰቅል ነበር። እስከዚያ ድረስ ሐኪም ቤት የገባሁት አንዴ ነው፤ ያውም ክንዴ ተሰብሮ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሰኝ። ይህን የምጽፈው እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት እንዲያነበው ነው። እርጉዝ መኖሯ ያልታወቀበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ያንብበው፤ የእኔ ቤት እንደዚያ ነበርና።

ቤታችን ከቦንጋ ወጣ ብሎ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ያኔ በቤቱ የምንኖረው ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ወርቄና ምራታችን አበራሽ። አበራሽ የሺሺንዳ ልጅ ናት። ልጃችን ታደሰ ካገባት ዓመት አልሞላም። እሱ ዋጫ ግብርና ቢሮ ስለተመደበ ወደ ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር። ልጅቷ ዝምተኛ ናት። እኔ ስናገር ቆማ ትሰማለች፤ ስጨርስ «እሺ አባባ» ትላለች። ያን ጊዜ ይህ «እሺ» ደስ ይለኝ ነበር።

የመስቀል ሰሞን እንደማንም ሰው ጥሬ ሥጋ በላን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ኮሶ ታየብኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ይህ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ፣ ሆድ ውስጥ የሚያድግ ረጅም ትል ነው፤ ነጭ ነጭ ቁራጩ ሲወጣ ይታያል። መድኃኒቱ የኮሶ ዛፍ አበባ ነው። እኔ ከገበያ አልገዛም። ደጋው አገር አዲዮ ውስጥ ወዳጅ አለኝ፤ እኔ ማር አደርስለታለሁ፣ እሱ ቀዩን አበባ ይሰጠኛል። ጣሪያ ሥር ሰቅዬ አደርቀዋለሁ። የሠፈሩ ሰው «የጋሽ ኃይሌ ኮሶ ትል አይምርም» እያለ ከእኔ ይወስድ ነበር። እኔም በዚህ እኮራ ነበር፤ አልዋሽም።

በእኛ ቤት ኮሶ አንድ ሰው ለብቻው አይጠጣም። አባቴም እንዲህ ነበር ያደረገው። አንድ ሥጋ የበላን ሰዎች ነን፤ በአንዱ ከታየ በሁሉም ሆድ አለ ብለን ሁላችንም በአንድ ጠዋት እንጠጣለን። የሚቀዳውም አባወራው ነው፣ በገዛ እጁ። አዲስ ምራት ከአማቷ እጅ ተቀብላ ከቤተሰቡ ጋር ኮሶ የጠጣች ቀን ከእንግድነት ትወጣለች። አበራሽ ገና አልጠጣችም ነበር።

ዓርብ ዕለት አበባውን በሙቀጫ ስወቅጥ ጎረቤታችን መምህር ደረጀ በአጥሩ ብቅ አለ። የጎጃም ሰው ነው፤ እዚህ ተመድቦ መጥቶ ቤት ተከራይቷል። ሚስቱን እመቤትን ያመጣት በዚያው ክረምት ነው።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ለእኛም ያስቡልን እንጂ። የናንተ አገር ሥጋ ጣፍጦን ጉድ ሆነናል።»

«ሥጋው ምን አደረገ፣ አንተ ነህ እንጂ ያላኘክኸው።» አንድ እስር አበባ ሰጠሁት። «መቼ ልትጠጡ ነው?»

«የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነው። በሚመጣው ሳምንት፣ እሁድ።»

ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆዳችን ተቀመጥን። ለእኔ ሁለት ጣሳ ቀዳሁ፣ የታየው በእኔ ነውና። ለወርቄ አንድ። ሦስተኛውን ጣሳ ስሞላ ወርቄ እጄን ያዘችኝ።

«ለእሷ ይቅርባት።»

«ለምን ይቅርባት?»

«እንዲያው ነው። ሰሞኑን ምግብ አይረጋላትም። የቆጮው ሽታ ራሱ ያስመልሳታል።»

«ያ እኮ ነው ኮሶው!» አልኳት። «ምልክቱ ይኸው አይደል?»

ወርቄ ወደ ልጅቷ አየች፤ ልጅቷ መሬት መሬት አየች። የሴት ነገር በአማት ፊት አይወራም፤ ለዚህ ነው ሁለቱም አፋቸውን የያዙት። እኔ ግን የገባኝ ምሬቱን እንደፈራች ነው። ጣሳውን ዘረጋሁላት።

«እሺ አባባ» አለችና በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። «ጎበዝ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ ልጻፈው።

ቀትር ላይ ትሉ ወጣልኝ። ደስ አለኝ። ማስመለሴ ግን አላቆመም። ምሽት ላይ ዓይኔ ፊት ጭጋግ የመሰለ ነገር መጣ፤ ወርቄን ከበሩ ምሰሶ መለየት አቃተኝ። ኮሶው ጠንካራ ስለሆነ ነው ብዬ ተኛሁ። ወርቄን ትንሽ አስመልሷት ለቀቃት። አበራሽ በጓዳ ሆዷን ይዛ ተጠቅልላ ነበር። እሁድ ራሷን አመማት፣ ሰውነቷ ጋለ። ጎረቤት ሲጠይቅ «ምች መቷታል» አለ፤ እኔም ተስማማሁ። ከጓሮ ዳማከሴ ቆረጥኩ፤ በእጄ ጨምቄ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሰጠኋት። እሺ አባባ። እሱንም ጠጣች።

ሰኞ ወርቄ አላስቀምጥ ስላለችኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። በራፉ ላይ ባለው አግዳሚ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ደሟን መረመረ፤ ወባም ታይፎይድም አለባት ብሎ ኪኒን ሰጠን። እርጉዝ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ቢጠይቃትስ? እኔ አጠገቧ ተገትሬ ቆሜያለሁ፤ የባሏ አባት እየሰማ ምን ብላ ትመልስ? እኔ ልሸኛት የሄድኩ መስሎኝ ነበር። አፏን ልይዛት ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ ጠዋት እንስራ ልታነሳ ስትል ወደቀች። ወርቄ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አየችና ወደ እኔ ዞረች። በትዳራችን ሙሉ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

«ልጅቷ እርጉዝ ናት። ሦስት ወር አልፏታል። ደም እየፈሰሳት ነው። አሁንስ ገባህ?»

ጎረቤቶች ቃሬዛ አምጥተው ተሸከሟት። እኔ በትር ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። መንገዱ አይታየኝም፤ የሰዎቹን ኮቴ እየሰማሁ ነበር የምሄደው። ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገባሁ፤ የሚያነሳኝ አልነበረም፣ ሁሉም እሷን ይዘዋል። ደግ አደረጉ።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ትንሽ ቆይታ ወጣች።

«አባት፣ ምን ወስዳለች? የባህል መድኃኒት ሰጥታችኋታል?»

«ምንም» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች በሙሉ እዚያው ቆመዋል። ግማሾቹ ቤት የእኔ ኮሶ ተሰቅሏል። በእነሱ ፊት የልጄን ሚስት በመድኃኒቴ ገደልኩ ልበል? ወርቄ አየችኝ። በሰው ፊት ባሏን የምታሳፍር ሴት አይደለችም፤ ዝም አለች። ከዚያ ዝምታ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ እንደገና አስመለሰኝ፤ መሬት ላይ ተዘረርኩ። ስነቃ በወንዶች ክፍል አልጋ ላይ ነኝ፤ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ያችው ዶክተር ቆማለች።

«ዓይንዎን ምን ሆኑ?»

«እርጅና ነው።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«ቅዳሜ።»

«እርጅና ቅዳሜ ዕለት ጀመረዎት?»

አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ከብርድ ልብሱ ሥር ሳቀ። ከቡና ዛፍ ወድቆ እግሩ የተሰበረ የማንኪራ ሰው ነው። ዶክተሯ ስትሄድ ወደ እኔ ዞረ። «ሽማግሌው፣ እኔ ከዛፍ የወደቅሁት ጠጥቼ ነው። ተናገርኩ፤ ምንም አላደረጉኝም። አንተም የያዝከውን ተናገርና ይቅለልህ።» ዝም በል አልኩት። ዝም አላለም፤ ሌላውን ሁሉ እያወራ አስመሸኝ። አሁን ሳስበው ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ያን ምሽት በልቤ ያለው ነገር ይውጠኝ ነበር። ደግሞ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ መጥረጊያዋን እየገፋች ባለፈች ቁጥር ሳልጠይቃት «ልጅትዎ ደህና ናት፣ ውሃ ጠጣች» ትለኝ ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ ታደሰ በመኪና ከዋጫ ደረሰ። ዶክተሯ በር ላይ አቁማው ስታነጋግረው ሰማሁ። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ቀን ታሟል፤ መርዝ ሳይሆን አይቀርም፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅንም፤ ደሙም አልቆመም፤ ወደ ጅማ ሪፈር ልንጽፍላት ነው አለችው። ታደሰ መኪና ልፈልግ ብሎ ሮጠ።

የጅማን መንገድ ያን ጊዜ የሄደበት ያውቀዋል። ጤነኛ ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚወርደው። ያቺን ልጅ፣ ደም እየፈሰሳት፣ በዚያ ኮረኮንች ላይ አሰብኳት። አልጋው ላይ ለሌላ አፍታ መቆየት አቃተኝ። ግሉኮሱን ከነብረቱ እየጎተትኩ ወጣሁ። ዶክተሯ ቢሮ ደጃፍ ወረፋ የያዙ ሰዎች ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ተራ አለ» አለችኝ አንዲት ሴት።

«ይኑር» ብዬ ገፍቼ ገባሁ።

«ኮሶ ነው» አልኳት ዶክተሯን። «ቅዳሜ ጠዋት ጠጣን። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

ብዕሯን አነሳች። «ምን ያህል?»

«አንድ ጣሳ። እኔ ሁለት።»

«አበባው ስንት ነው የሚገባበት?»

እፍኜን ከፍቼ አሳየኋት። «በእጄ ነው የምለካው። ሁልጊዜም በእጄ ነው።»

«ሌላስ ምን ሰጥተዋታል?»

«እሁድ ዳማከሴ። አንድ ብርጭቆ።»

«ሌላስ?»

«የክሊኒኩ ኪኒን።»

ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ ቀና አለች። «ትናንት ጠይቄዎት ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ።»

«እሷ ደም እየፈሰሳት እርስዎ አፈሩ።»

አልጮኸችም፤ ደክሟት ነው የተናገረችው። ዞር ስል ታደሰ በር ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱን በደንብ ማየት አልቻልኩም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ በመፍዘዙ እግዜርን አመሰገንኩ።

ምክንያቱ ከታወቀ ጅማ ድረስ አናንገላታትም፣ እዚሁ እንከታተላታለን አለች ዶክተሯ። ኪኒኑን አስቆመች፣ ፈሳሽ ጨመረችላት። «እሷን እናድናለን ብዬ አስባለሁ። ስለ ልጁ ግን ቃል አልገባም» አለችው ታደሰን። እኔን አላናገረችኝም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ወርቄ ወደ ክፍሌ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ላልተወለደ ልጅ ነጠላ ማዘቅዘቅ ወግ አይደለም፤ እሷ ግን አዘቀዘቀች። የነጠላው ጥለት በተገላቢጦሽ አንገቷ ላይ ዞሮ ስመለከት ነገሩ ገባኝ። በጭጋግ ውስጥ እሱ ብቻ ጠርቶ ታየኝ።

«አበራሽስ?»

«ትኖራለች» አለችና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ሲስተር ዘነበች የምትባል የዚሁ የከፋ ልጅ፣ ልትመክረኝ መጣች። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ተከራከርኳት።

«እናቴ ስምንት ልጅ ስትወልድ ኮሶ ትጠጣ ነበር» አልኳት።

«ስንት አስወረዳት?»

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሁለት መሆናቸውን አውቅ ነበር። ምክንያቱን ግን አስበን አናውቅም።

«ታዲያ ቅጠል ሁሉ መርዝ ነው ልትዪኝ ነው? ዝንጅብሉም? ነጭ ሽንኩርቱም?»

«አላልኩም አባባ። ወጥ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ ለጣዕም ያህል የሚገባው ዝንጅብልና ሽንኩርት ግድ የለውም። ተወቅጦ፣ ተጨምቆ በጣሳ የሚጠጣው ነው ነገሩ። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ እንዶድ ለእርጉዝ ጨርሶ አይነካም፤ ማህፀን ያኮማትራል፣ ጉበትና ዓይንም ይጎዳል። ጤና አዳምም ተጨምቆ ከተጠጣ ያስወርዳል፤ ይቅርባት። ዳማከሴው እንኳ ምን ያህሉ እንደሚጎዳ ማንም አልለካውም፤ ያልተለካ ነገር ደግሞ ለእርጉዝ አይሰጥም።»

«ትሉስ? ሆዷ ውስጥ ይኑር?»

«ይቆይ። ትሉ እስክትወልድ ቢቆይ አይገድላትም። ካስቸገራት ወደ እኛ ትምጣ፤ ጊዜውንና ኪኒኑን እኛ እንመርጣለን። ፋርማሲ ሄዳ እንኳ ራሷ አትግዛ። ደግሞ ከሁሉም በላይ...» ብላ ቆም አለች። «ከጠጣችም በኋላ ቢሆን ትናገር። እኛ ለመቆጣት አይደለም የምንጠይቀው።»

ከሰማሁት ሁሉ ይህ የመጨረሻው ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው። ቅጠሉን ሳላውቅ መስጠቴ አንድ ጥፋት ነው። አንድ ቀን ሙሉ መደበቄ ግን አውቄ ያደረግሁት ነው። ቀድሜ ብናገር ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሲስተርን ጠየቅኋት። አላውቅም አለች። ለማጽናናት አለመዋሸቷን ወደድኩላት፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ አልተኛሁበትም።

ቅዳሜ ሁለታችንም ወጣን። ዓይኔ በከፊል ተመልሶ ነበር፤ ዶክተሯ በወራት ይጠራል አለችኝ፤ ዛሬ አልፎ አልፎ ይደበዝዛል እንጂ ጠርቷል። ታደሰ በአንድ እጁ ሚስቱን፣ በሌላው እኔን ያዘ። ከረቡዕ ጀምሮ አላናገረኝም ነበር። የሆስፒታሉን ደረጃ ስንወርድ «ቀስ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ይሰብራል» አለኝ። ይህን ያህል ብቻ። ለእኔ ግን ብዙ ነበር።

ቤት ገብተን አበራሽ አልጋዋ ላይ ከተጋደመች በኋላ ጠራችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባባ፣ እኔም እኮ አልነገርኩዎትም» አለች። «ብነግርዎት አይሰጡኝም ነበር።»

«የማትነግሪኝ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት። እሺ አላለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ሳትል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አለቀሰች። እኔም ከበሩ ወጥቼ ወርቄን ጠራሁላት።

ማታ እራት ስንበላ ወርቄ ድንገት ቆጮዋን አስቀመጠች።

«ያቺ የመምህሩ ሚስት ሐሙስ ዕለት ልብስ ልወስድ ስመጣ አግኝታኝ ነበር። ኮሶው በምን እንደሚለካ ጋሽ ኃይሌን ጠይቂልኝ አለችኝ። በዚያ ቀን እኔ ምን ልስማ፤ ዝም ብያት ሄድኩ። አሁን በደጃቸው ሳልፍ አየሁ፤ የእነሱ መብራት ጠፍቷል፣ ተኝተዋል።»

ነገ እሁድ ነበር።

ጠዋት ገና ሳይነጋጋ በትሬን ይዤ ወጣሁ። አጥሩን እየዳበስኩ ነው የሄድኩት። በሩን ሳንኳኳ መምህር ደረጀ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከፈተ። ከኋላው እመቤት ቆማለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ኮሶ በማሰሮ አለ፣ ሁለት ብርጭቆም ተደርድሯል።

«ጋሽ ኃይሌ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት! ምነው በዚህ ጠዋት? ሊቀዱልን ነው?»

«ጠጥታችኋል?»

«ገና ነው። ይግቡ እንጂ።»

አልገባሁም። ከመምህሩ ትከሻ በላይ ሚስቱን አየኋት። እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ የሰው ሚስት ፊት ቆሞ የማይጠይቀውን ነገር ጠየቅኋት።

«እመቤት፣ ልጄ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ?»

መምህሩ ሳቀ። «ምን ነካዎት ጋሼ? ሆስፒታሉ አጃጃልዎት እንዴ? እሷ ምንም...» አለና ወደ ሚስቱ ዞረ።

እመቤት መሬት መሬት ታያለች። አልመለሰችም። ያን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ በገዛ ቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፣ ምሬት የፈራች መስሎኝ «ጎበዝ» ያልኩት።

መምህሩ ሳቁን አቆመ። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ፣ ማሰሮውን በሁለት እጄ አንስቼ ወጣሁና አጥሩ ሥር ጭቃው ላይ ደፋሁት። ተመልሼ የቀረውን ደረቅ እስርም ከግድግዳቸው ሚስማር አወረድኩ። ከዚያ ሠፈሩን አንድ በአንድ ለማንኳኳት ተነሳሁ። የእኔ ኮሶ ያለበት ቤት ስንት እንደሆነ በጣቴ ብቆጥር አሥራ አንድ ነው። ሦስተኛው ቤት ስደርስ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እዚያው ሆኜ ባለቤቱን ተጣራሁ።